ሊታሸግ በተዘጋጀ የዶሮ ሥጋ ላይ ጠቃሚ ባክቴሪያ መርጨት ሳልሞኔላንና ካምፓይሎባክተርን በእርግጥ ይቆጣጠራል?

ጥራት ተቆጣጣሪ (ርዕሱን የከፈቱ)

ለመድረኩ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምሠራው በአንድ የዶሮ ቄራ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። በቅርቡ አንድ አቅራቢ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ዱቄት ይዞ መጥቶ፣ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ከማቀዝቀዣ በወጣው ሥጋ ላይ ከመታሸጉ በፊት ቢረጭ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን 99.9 በመቶ እንደሚያጠፋ ገለጸልን። ያቀረበው ማስረጃ በፈሳሽ ማሳደጊያ ውስጥ የተገኘ ውጤት ሲሆን በሥጋ ላይ የተደረገ ሙከራ አላየሁበትም። አስተዳደሩ ሐሳቡን ወዶታል፤ በተለይም «ከኬሚካል ነጻ» የሚለው አነጋገር ስቦታል።

ፈርሜ ከማሳለፌ በፊት ልምድ ያላችሁን ሰዎች ልጠይቅ። ይህ ዘዴ በጥሬ ሥጋ ላይ በእርግጥ ይሠራል? ወይስ ቦታው ዶሮዋ በሕይወት ሳለች አንጀቷ ውስጥ ነው? አሁን ሥጋውን ከምናጥብበት ባክቴሪያ ገዳይ ኬሚካል፣ ከፐርአሴቲክ አሲድ ጋርስ ይስማማል?

ማይክሮባዮሎጂስት

ውድ ጠያቂ፣ ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው አንድ ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር፦ ሥጋውን ከየትኛው በሽታ አምጪ ነው ልትጠብቁት የፈለጋችሁት? አቅራቢው «በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች» ብሎ በጅምላ መናገሩ ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል፤ ምክንያቱም ሳልሞኔላ፣ ካምፓይሎባክተርና ሊስቴሪያ በቀዝቃዛ ሥጋ ላይ የሚያሳዩት ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

በመጀመሪያ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሌላውን ባክቴሪያ የሚጫኑት እንዴት እንደሆነ እንይ። ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ባክቴሪዮሲን የምንላቸውን፣ የቅርብ ዘመዶቻቸውን የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በሥጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን ቀላሉ ነገር፣ ማለትም ቦታና ምግብ ቀድሞ መያዝ ነው። በአንድ ግራም ሥጋ ላይ ያለው ጠቅላላ የባክቴሪያ ብዛት ወደ መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ በቁጥር አነስተኛ የሆነውም ዝርያ አብሮ መራባቱን ያቆማል። ይህ ክስተት እ.ኤ.አ. በ1962 ካጠናው ተመራማሪ የተነሣ የጄምሰን ክስተት ይባላል። በአንድ ግራም እስከ አሥር ሚሊዮን የሚደርስ ጠቃሚ ባክቴሪያ ብትረጩበት፣ ጥቂት ደርዘን ሆኖ የጀመረው በሽታ አምጪ ገና ሳይበዛ ጣሪያው ይሞላበታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይህ አሠራር የሚያግደው መራባትን እንጂ መኖርን አይደለም። ስለዚህ ጠላት የሚባለው ባክቴሪያ በዚያ ሥጋ ላይ፣ በዚያ ቅዝቃዜ የሚራባ ካልሆነ የምታግዱት ነገር የለም። ካምፓይሎባክተር ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይራባም፤ የሚመቸው 42 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳልሞኔላም ከ5 ዲግሪ በታች መራባት ያቆማል ማለት ይቻላል። በ4 ዲግሪ በተያዘ ጥሬ ዶሮ ላይ ሁለቱም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ እንጂ አይበዙም። ከሦስቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ እያለ የሚበዛው ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ ብቻ ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ እንኳ ያድጋል።

በአጭሩ፣ አቅራቢው ያቀረበላችሁ ዘዴ በቀዝቃዛ ጥሬ ሥጋ ላይ ለሳልሞኔላና ለካምፓይሎባክተር የሚያደርገው አስተዋጽኦ እጅግ ትንሽ ነው። ጥቅም ሊሰጥ የሚችለው የቅዝቃዜው ሰንሰለት ሲበጠስ፣ ለምሳሌ ሥጋው በማጓጓዣ ላይ ለሰዓታት 12 ወይም 15 ዲግሪ ላይ ሲቆይ፣ ሳልሞኔላ በፍጥነት እንዳይራባ በማገድ ነው። እሱንም ቢሆን ማቀዝቀዣውን መጠገን በርካሽ ይተካዋል።

ስለ 99.9 በመቶው አንድ ቃል ልጨምር። ይህ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሎግ ማለት ነው። ከአንድ ሚሊዮን ሲነሡ አንድ ሺህ ይቀራል። ካምፓይሎባክተር ሰውን ለማሳመም ጥቂት መቶ ሕዋሳት ሊበቁት እንደሚችሉ ካሰባችሁ፣ በመቶኛ የተነገረ ውጤት መነሻው ካልተገለጸ ብዙም አያጽናናም።

የማስተርስ ተማሪ

ዶክተር፣ ለማብራሪያው አመሰግናለሁ። ሆኖም እኛ በቤተ ሙከራችን ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም የተባለውን ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ጠብ አድርገን፣ በላዩ ሳልሞኔላ የተቀላቀለበት ለስላሳ አጋር ስናፈስበት፣ በማግስቱ በዙሪያው ጥርት ያለ ሰፊ ክብ አየን። ሳልሞኔላውን ገድሎታል ወይም አግዶታል ማለት አይደለም? በሥጋ ላይስ ለምን ተመሳሳይ ነገር አይጠበቅም?

ማይክሮባዮሎጂስት

ክቡን ማየታችሁ እውነት ነው፤ ጥያቄው ክቡን የሠራው ምንድን ነው የሚለው ነው። በስኳር የበለጸገ ማሳደጊያ ላይ በ37 ዲግሪ ያደገ ላክቶባሲለስ የአጋሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ጨመረ ማለት ነው) ወደ 4 ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ላክቲክ አሲድ ደግሞ የሚገድለው በአብዛኛው ሳይበተን በቀረው ቅርጹ ሲሆን፣ ይህ ቅርጽ የሚበዛው ፒኤቹ ወደ 3.9 ሲጠጋ ነው። አሁን ወደ ሥጋው ተመለሱ፦ የደረት ሥጋ ፒኤች 5.8 አካባቢ፣ የጭን ሥጋ ደግሞ ከ6 በላይ ነው፤ ፕሮቲኑ አሲዱን ስለሚያለዝብ ፒኤቹ በቀላሉ አይወርድም፤ ስኳሩ ትንሽ ነው፤ ባክቴሪያችሁም በ4 ዲግሪ እንቅልፍ ላይ ነው። ያ ክብ በእነዚህ ሁኔታዎች አይፈጠርም።

ለማጣራት የሚከተለውን አድርጉ። ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ በሴንትሪፉጅ አሽከርክራችሁ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉት። አንዱን ክፍል እንዳለ ተዉት፤ ሁለተኛውን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ፒኤች 6.5 አምጡት፤ ሦስተኛው ከዚህ በተጨማሪ ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰው ካታሌዝ ይጨመርበት፤ አራተኛው በዚህ ሁሉ ላይ ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይም ይግባበት። ፒኤቹ ሲስተካከል ክቡ ከጠፋ ያያችሁት አሲድ ነበር። ካታሌዝ ሲገባ ከጠፋ ፐርኦክሳይድ ነበር። ከሁለቱ ተርፎ በኤንዛይሙ ብቻ ከጠፋ፣ ያን ጊዜ ባክቴሪዮሲን አገኘን ማለት ትችላላችሁ።

ባክቴሪዮሲን ብታገኙም እንኳ ሳልሞኔላ ላይ መሥራቱ አጠራጣሪ ነው። በጣም የታወቀው ኒሲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለውን ሊፒድ ሁለት ይዞ ይበሳል፤ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር ግን ግራም ኔጌቲቭ (ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ካላቸው ባክቴሪያዎች ወገን) በመሆናቸው ይህ ሽፋናቸው ኒሲኑን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ሽፋኑን የሚያላላ እንደ ኢዲቲኤ ያለ ነገር ካልታከለበት ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ከዚህ ወጣ ያለው ሮይተሪን ነው፤ ሊሞሲላክቶባሲለስ ሮይተሪ ከግሊሰሮል የሚሠራው፣ ፕሮቲን ያልሆነና በግራም ኔጌቲቮችም ላይ የሚሠራ ነገር ነው። እርሱን ለማግኘት ግን ግሊሰሮል መኖር አለበት።

የእንስሳት ሐኪም

የማይክሮባዮሎጂስቱን ሐሳብ እጋራለሁ፤ ነገር ግን ውይይቱ ሥጋው ላይ ብቻ ከቀረ የዚህን መስክ ዋና ፍሬ እናልፈዋለን። ጠያቂያችን በሁለተኛ ደረጃ ያነሡት፣ ማለትም ዶሮዋ በሕይወት ሳለች የሚደረገው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የጸና ሥራ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በፊንላንድ ሳልሞኔላ ኢንፋንቲስ በሥጋ ዶሮዎች ላይ ተስፋፍቶ ነበር። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዚያው ምክንያት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1973 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሥራ እጅግ ቀላል ነበር፦ የጤናማ አዋቂ አውራ ዶሮን የአንጀት ይዘት አቅጥነው አዲስ ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ሰጡ፤ ጫጩቶቹም ከዚያ በኋላ የተሰጣቸውን ሳልሞኔላ ተቋቋሙት። በማስፈልፈያ ማሽን የተወለደ ጫጩት እናቱን አያገኛትም። አንጀቱ ባዶ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ከአሥር ያነሱ የሳልሞኔላ ሕዋሳት እንኳ ሊይዙት ይችላሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አንጀቱ በሌሎች ስለሚሞላ ያንኑ ጫጩት ለመያዝ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሳልሞኔላ ያስፈልጋል። የኑርሚ ሐሳብ ይህንን የጊዜ ክፍተት መዝጋት ነው፤ ቤቱን ሌባው ሳይደርስ ባለቤቶቹ እንዲገቡበት ማድረግ ማለት ነው።

በዕውር አንጀት ውስጥ የሰፈሩት አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ሳልሞኔላን ይጫኑታል። ከእነዚህ በተለይ ቡቲሬት ሳልሞኔላ የአንጀትን ግድግዳ ዘልቆ ለመግባት የሚጠቀምባቸውን ጂኖች ያዳክማል። እንግዲህ እዚህ ላይ ከመራባት ማገድ ያለፈ ነገር አለ ማለት ነው፤ ዶሮዋ ሞቃት ናት፣ ምግቡ አይቋረጥም፣ ባክቴሪያዎቹም ሥራ ላይ ናቸው።

አንድ የሚያበሳጭ እውነት አለ። ምንነታቸው ተለይቶ ያልታወቀ የአንጀት ባክቴሪያ ድብልቆች አብዛኛውን ጊዜ ተመርጠው ከተቀላቀሉ ጥቂት ዝርያዎች የተሻለ ይሠራሉ። ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ውስጡ ያልታወቀ ነገር መፍቀድ ይከብዳቸዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። የአሜሪካው ምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1998 የፈቀደው ፕሪኤምፕት የተባለው ምርት 29 ዓይነት ተለይተው የታወቁ ባክቴሪያዎች ነበሩት፤ በጫጩቶቹ ላይ ይረጭና እርስ በርስ ላባቸውን ሲጠቀጥቁ ይውጡት ነበር።

ለገበሬዎች ደጋግሜ የምነግረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በክሎሪን በታከመ የመጠጥ ውኃ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ አትበጥብጡ፤ ክሎሪኑ መጀመሪያ መክሸፍ አለበት። ባክቴሪያው በተሰጠ ሰሞን አንቲባዮቲክ ከተሰጠም ገንዘቡ ባክኗል። በምግብ ውስጥ መስጠት የሚፈልግ ሰው ምግቡ ወደ ጥቅጥቅ ፍሬ ሲለወጥ ያለውን ሙቀት የሚቋቋሙትን የባሲለስ ስፖሮች (በጠንካራ ሽፋን ውስጥ እንቅልፍ ላይ ያሉ ሕዋሳት) ይምረጥ፤ ላክቶባሲለስ በዚያ ሙቀት ውስጥ በሕይወት መውጣት ይከብደዋል።

ተጠራጣሪ

የሁሉንም አንብቤያለሁ። ይቅርታ ይደረግልኝና ሳልሞኔላ ላይ የተነገረው አሳምኖኛል፤ ስለ ካምፓይሎባክተር ግን ሁላችሁም ዝም ያላችሁ ይመስለኛል። በዶሮ በኩል ሰውን በብዛት የሚያሳምመው እርሱ አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ ፕሮባዮቲክ (ለዶሮዋ የሚሰጠው ጠቃሚ ባክቴሪያ) በካምፓይሎባክተር ላይ የት ደረሰ?

የእንስሳት ሐኪም

ወንድሜ፣ ዝምታው መልስ ነው ማለት ይቻላል። በካምፓይሎባክተር ላይ ውጤቱ እስካሁን አይጨበጥም፤ አንዱ ሙከራ ጥሩ ቅናሽ ያሳያል፣ ሌላው ምንም አያሳይም። ለዚህ ምክንያት አለው። ካምፓይሎባክተር ጀጁኒ ለዶሮ እንደ እንግዳ በሽታ አይደለም፤ በዕውር አንጀት ንፍጥ ውስጥ ተመቻችቶ ይኖራል፣ በአንድ ግራም እስከ መቶ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል፣ ዶሮዋም ብዙውን ጊዜ አትታመምም። ለምግብነትም በአብዛኛው ስኳር አይሻም፤ አሚኖ አሲዶችንና ኦርጋኒክ አሲዶችን ይበላል። ላክቴትን ሳይቀር ለጉልበት ይጠቀምበታል! ስለዚህ «ላክቲክ አሲድ አመንጪ» የሚለው ቅጽል በሳልሞኔላ ላይ የሚያስፈራውን ያህል እዚህ ላያስፈራ ይችላል።

ሆኖም ቁጥሩን በአንጀት ውስጥ መቀነስ ዋጋ አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት በዕውር አንጀት ውስጥ ያለው ካምፓይሎባክተር በሦስት ሎግ ቢቀንስ፣ ከዶሮ ሥጋ የሚመጣው የሕመም ስጋት በአውሮፓ ኅብረት በ58 በመቶ ይቀንሳል። ሦስት ሎግን በፕሮባዮቲክ ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያመጣ ግን አላጋጠመኝም። እስከዚያው የእርባታ ቤቱ በር ላይ ጫማ መቀየር፣ ዝንብ መከላከልና ከፊሉን ዶሮ ቀድሞ ለማውጣት የሚገቡትን ሠራተኞች መቆጣጠር ይበልጣል። ቄራ ውስጥ ደግሞ ሥጋውን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ማስደረቅም፣ በረዶ ማድረግም ካምፓይሎባክተርን ይጎዳዋል፤ ሳልሞኔላ ግን ይህን በቀላሉ ይቋቋማል።

አንድ የተዘነጋ ቦታም አለ። ከእርድ በፊት ምግብ ሲከለከሉ ዶሮዎች ጉዝጓዙን ይለቅማሉ። በአንገታቸው ሥር ምግብ የሚጠራቀምበት ከረጢት ባዶ ሲሆን በውስጡ የነበሩት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይቀንሳሉ፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ ሳልሞኔላም ቦታ ያገኛል። ይህ ከረጢት ሆድዕቃ ሲወጣ ከዕውር አንጀት ይልቅ ቶሎ ይቀደዳል። ጥራት ተቆጣጣሪያችን ሆድዕቃ በሚወጣበት መስመር ላይ ቆመው ስንት ከረጢት እንደሚቀደድ ቢቆጥሩ፣ ከአቅራቢው ወረቀት የበለጠ ነገር ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ።

ተጠራጣሪ

ባክቴሪዮፋጅስ?

ማይክሮባዮሎጂስት

ፋጅ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ስለሆነ ከርዕሱ ወጣ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ለሚበላ ዝግጁ በሆነ ሥጋና ዶሮ ላይ ለሊስቴሪያ ተፈቅዷል። ከጠቃሚ ባክቴሪያ በተለየ በቀጥታ ይገድላል፤ ነገር ግን የሚገድለው የሚያውቀውን ዝርያ ብቻ ነው፣ ጠላቱም ይለምደዋል። ሰፋ ያለ ውይይት ካስፈለገ ሌላ ርዕስ እንክፈትለት።

የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ

እኔ ከበሰለ በኋላ ተቆርጦ አየሩ ወጥቶለት በሚታሸግ የዶሮ ሥጋ ላይ ስለምሠራ ከዚያ በኩል ልናገር። የጠባቂ ባክቴሪያ እውነተኛ ቤት ይህ ነው። ማብሰል የተፈጥሮ ተፎካካሪዎችን ሁሉ ያጠፋል፤ ከዚያ በመቁረጫው ቢላዋ ላይ አንድ ሁለት ሊስቴሪያ ቢገባ ባዶ ሜዳ ያገኛል፣ ማቀዝቀዣውም አያቆመውም፣ የሚበላውም ሰው እንደገና አያሞቀውም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚበላ ዝግጁ ምግብ በመደርደሪያ ዕድሜው ሁሉ በግራም ከ100 በላይ ሊስቴሪያ እንዳይኖርበት የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። ላቲላክቶባሲለስ ሳኬይ፣ ላቲላክቶባሲለስ ከርቫተስ ወይም ካርኖባክቴሪየም በመሳሰሉት ቅዝቃዜ ወዳዶች ሜዳውን ቀድሞ መሙላት እዚህ ትርጉም አለው፤ ፔዲዮሲን ዓይነት ባክቴሪዮሲን የሚሠሩት ደግሞ ሊስቴሪያን በቀጥታ ይጎዳሉ።

ዋጋው ግን አለ። የረጫችሁት ባክቴሪያ ራሱ ከአበላሾቹ ወገን ነው። ስኳር ካገኘ ያኮመጥጣል፤ ጋዝ አመንጪ ከሆነ ማሸጊያውን ይነፋዋል፤ ፐርኦክሳይድ የሚያመነጭ ከሆነ ሥጋውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አንዳንድ ካርኖባክቴሪየሞች ታይራሚን የተባለ ሲበዛ የሚጎዳ ውህድ ይሠራሉ። እኛ ለመምረጥ ብዙ የደከምነው ሊስቴሪያን በማገድ ላይ ሳይሆን በመደርደሪያ ዕድሜው ማብቂያ ላይ ማሸጊያው ሲከፈት የሚሸተውን ሽታ በማስተካከል ላይ ነው።

ከአቅራቢው ያለ ማመንታት የሚጠየቅ ወረቀት ደግሞ የዝርያው ሙሉ ጂኖም ነው። ወደ ሌላ ባክቴሪያ ሊተላለፍ የሚችል የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን፣ ለምሳሌ የቴትራሳይክሊን፣ ካለበት በአንድ ግራም አሥር ሚሊዮን አድርጎ ምግብ ላይ መርጨት ተቀባይነት የለውም። የዝርያውንም ስም እስከ ቁጥሩ ይጻፍላችሁ፤ «ላክቶባሲለስ» ብቻ ማለት እ.ኤ.አ. ከ2020 የስም ክፍፍል በኋላ ምንም ማለት አይደለም፤ አንዱ ወገን ወደ 25 ወገኖች ተከፍሏል።

ስለ ፐርአሴቲክ አሲዱ፦ ቅሪቱ ሥጋው ላይ ሳለ ሕያው ባክቴሪያ ከረጫችሁ አሲዱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። አንዱን ምረጡ፣ ወይም በመካከላቸው በቂ ጊዜና ፍሰት ይኑር።

ጥራት ተቆጣጣሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአስተዳደሩ የማቀርበው ሐሳብ ከሞላ ጎደል ተዘጋጅቷል፦ በጥሬው ሥጋ ላይ የሚረጨው ይቆይ፤ ጫጩት ከሚያቀርቡልን እርባታዎች ጋር የመጀመሪያው ቀን ላይ ስለሚሰጠው ድብልቅ እንነጋገር፤ የበሰለ ምርት ስንጀምር ለሊስቴሪያ ጉዳዩን እንደገና እንየው። ይሁን እንጂ አለቆቼ «በራሳችን ሥጋ ላይ ይሞከር» ማለታቸው አይቀርም፤ አቅራቢውም በነጻ ዱቄት ሊሰጥ ዝግጁ ነው። ቢሞከር ሙከራው እንዴት ቢሆን ነው ውጤቱ የሚታመነው?

ማይክሮባዮሎጂስት

ከተሞከረ ሦስት ቡድን ያስፈልጋችኋል፦ ምንም ያልተረጨበት፣ ንጹሕ ውኃ ብቻ የተረጨበትና ባክቴሪያው የተረጨበት። የውኃው ቡድን የግድ ነው፤ መርጨት በራሱ ከቆዳው ላይ አጥቦ የሚያወርደው ባክቴሪያ ስላለ፣ ያለ እርሱ የእጥበቱን ምስጋና ዱቄቱ ይወስደዋል። አንዱን ክፍል በ4 ዲግሪ፣ ሌላውን ሆን ተብሎ በ12 ዲግሪ አቆዩት፤ ልዩነት ካለ የሚታየው በሁለተኛው ነው። ናሙናውን ከአንገት ቆዳ ውሰዱ፤ ላባ የተነጨባቸው ቀዳዳዎች ባክቴሪያን ስለሚሸሽጉ የደረት ሥጋ ብቻ ማየት ያታልላል። «ተገኘ፣ አልተገኘም» ከሚለው በተጨማሪ ቁጥሩንም ቁጠሩ።

ብዙዎች የሚስቱት ቦታ ግን ሳልሞኔላ የሚፈለግበት የማበልጸጊያ ፈሳሽ (ጥቂቱ ሳልሞኔላ እስኪታይ እንዲበዛ ናሙናው የሚቆይበት) ነው። ከሥጋው ጋር በሚሊዮን የሚቆጠር ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ በ37 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ ያድጋል፣ ፈሳሹን ያኮመጥጣል፣ ሥጋው ላይ በሕይወት የነበረውን ሳልሞኔላም ጠርሙሱ ውስጥ ይጫነዋል። ውጤቱ «አልተገኘም» ይላል፤ ሥጋው ግን እንደተበከለ ነው። የአሜሪካ የሥጋ ቁጥጥር አገልግሎት ከእጥበት ኬሚካሎች ቅሪት ጋር በተያያዘ ለተመሳሳይ ስጋት እ.ኤ.አ. በ2016 ናሙና የሚያዝበትን ፈሳሽ ቅሪቱን በሚያከሽፍ ፈሳሽ ቀይሮታል። ስለዚህ ከተረጨበት ቡድን ጥቂት ናሙናዎች ወስዳችሁ፣ ፈሳሹ ውስጥ ከገቡ በኋላ ቁጥሩ የታወቀ ጥቂት ሳልሞኔላ ጨምሩባቸውና በማግስቱ ፈልጉት። ካልተገኘ የለካችሁት የዱቄቱን ብቃት ሳይሆን የምርመራውን መታወር ነው፤ ዘዴውን ሳታስተካክሉ የሌሎቹን ናሙናዎች ውጤት ለአስተዳደሩ አታቅርቡ።